ሕማም የማይስማማው አምላክ እንዴት መከራን ተቀበለ?

የጥንት የክርስትና መምህራን «እግዚአብሔር ሕማም አይስማማውም» ሲሉ ርኅራኄ የለውም ማለታቸው አልነበረም፤ እንደ ግሪክ አማልክት በቁጣና በምኞት አይናወጥም፣ ሳይፈቅድም መከራ የሚያደርስበት ኃይል የለም ማለታቸው ነው። በ3ኛው መቶ ዘመን የነበረው ኦሪገን ግን፣ በሌላ ስፍራ ይህንኑ ትምህርት ቢያጸናም፣ በሕዝቅኤል ላይ በሰጠው ስብከት አብ ራሱ የፍቅር ሕማም እንዳለው እስከ መናገር ደርሷል።

ክርክሩ የከረረው በቁስጥንጥንያው ሊቀ ጳጳስ በንስጥሮስ ዘመን ነው። ንስጥሮስ የክርስቶስን ሕማም ለትስብእት (ለሰው ባሕርዩ) ብቻ ሲሰጥ፣ የእስክንድርያው ቄርሎስ፣ ቃል (እግዚአብሔር ወልድ) በመለኮቱ ሳይታመም ገንዘቡ ባደረገው ሥጋ በእውነት ታመመ በማለት፣ በእሳት የጋለ ብረት ሲቀጠቀጥ እሳቱ እንደማይጎዳ አስረዳ። ምሳሌው ምሥጢሩን ሁሉ ባይፈታም፣ የታመመው ሌላ አካል ሳይሆን ያው ቃል መሆኑን ያጸናል፤ በ431 እ.ኤ.አ. የኤፌሶን ጉባኤም ንስጥሮስን አውግዞ ከቄርሎስ ጋር ቆመ።