ሎኬል ምንድን ነው? ጳጉሜን የማያውቀው ኮምፒውተር

ክረምቱ ሊወጣ ሲል አንድ አባት ወደ ሱቃችን መጡ። ሐዋሳ፣ አቶቴ አካባቢ ያለች ትንሽ ቤት ናት። ጽሑፍ እንተይባለን፣ ፎቶ ኮፒ እናነሳለን፣ ፕሪንት እናደርጋለን። እኚህ አባት የእድራቸው ጸሐፊ ናቸው፤ የስብሰባ ጥሪ ሊያስጽፉ ነው የመጡት። ተይቤ ጨረስኩና ቀኑን ኮምፒውተሩ ራሱ እንዲያስገባ አዘዝኩት። «ሴፕቴምበር 8» ብሎ ጻፈ። አባባ መነጽራቸውን አስተካክለው ስክሪኑን አዩት።

«ልጄ፣ ዛሬ እኮ ጳጉሜን 3 ነው። ይሄ ኮምፒውተር ጳጉሜን አያውቅም እንዴ?»

በእጄ አስተካክዬ ሰጠኋቸው። እሳቸው ሄዱ፤ ጥያቄያቸው ግን እኔ ጋ ቀረ።

እዚህ ሥራ ላይ ስውል ሰው ከኮምፒውተር የሚመኘውን ነገር በየቀኑ እሰማለሁ። የሐበሻ ሰዓት ቢያሳይ። የኛን ቀን ቢቆጥር። «ፀሐይ» ብዬ ስፈልግ «ጸሀይ» ተብሎ የተጻፈውንም ቢያመጣልኝ። ሲሰሙት የተበታተነ ምኞት ይመስላል። ግን ሁሉም ከአንድ ነገር ጋር የተያያዘ ነው። ሎኬል ይባላል።

ሎኬል ማለት ኮምፒውተሩ የአንድን ቋንቋ ተናጋሪ ልማድ የሚያነብበት መዝገብ ነው። ቀን እንዴት ይጻፋል? ሰዓትስ? የሺህ መለያው ነጠላ ሰረዝ ነው ወይስ ነጥብ? ገንዘቡ ምን ይባላል? ስሞች በፊደል ተራ ሲደረደሩ ማን ይቀድማል? ይህ ሁሉ እዚያ ውስጥ ተጽፏል።

መዝገቡ የሚዘጋጀው ለቋንቋ ብቻ አይደለም፤ ለቋንቋና ለአገር በአንድ ላይ ነው። እንግሊዝኛን እንውሰድ። አሜሪካ ያለ ሰው 04/07 ብሎ ሲጽፍ ኤፕሪል 7 ማለቱ ነው። ለንደን ያለው ግን ጁላይ 4 ብሎ ያነበዋል። ቋንቋው ያው ነው፣ ልማዱ ግን ይለያያል። ጀርመን ደግሞ 1.500 ማለት አንድ ሺህ አምስት መቶ ነው። እኛ ግን አንድ ነጥብ አምስት ብለን እናነበዋለን። ሒሳብ የሚሠራ ሰው ይህ ምን ያህል ጣጣ እንደሚያመጣ ያውቃል።

ስለዚህ እያንዳንዱ ሎኬል አጭር መለያ አለው። የኛው ኤ-ኤም፣ ሰረዝ፣ ኢ-ቲ ነው። የፊተኞቹ ሁለት ፊደላት አማርኛን፣ የኋለኞቹ ኢትዮጵያን ይወክላሉ። አዎ፣ የኛም አለ። ብዙ ሰው ስነግረው ይገርመዋል።

መዝገቦቹ የሚሰበሰቡበት ትልቁ ቋት ሲኤልዲአር ይባላል። ከእ.ኤ.አ. 2004 ጀምሮ የሚተዳደረው በዩኒኮድ ድርጅት ሥር ነው። ዩኒኮድ ለዓለም ፊደላት የኮምፒውተር ቁጥር የሚሰጥ ድርጅት ነው። የግዕዝ ፊደል በእ.ኤ.አ. 1999 ለመጀመሪያ ጊዜ ዓለም አቀፍ ቁጥሩን ያገኘው በዚሁ ድርጅት ነው። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ የአማርኛ ሶፍትዌር ለ«ሀ» የየራሱን ቁጥር ይሰጥ ነበር። አንዱ ቤት የተጻፈ ደብዳቤ ሌላው ቤት ሲከፈት የማይነበብ ምልክት ይሆን ነበር። ዛሬም አሮጌ ፍላሽ ይዞ «ይሄን አንብብልኝ» የሚል ደንበኛ አይጠፋም። የፊደሉ ችግር በአብዛኛው ተፈትቷል። አሁን የቀረን የልማዱ ነው።

ከሰዓት ልጀምር፤ በጣም የሚያደናግረው እሱ ነው።

በአማርኛው ሎኬል ውስጥ የእንግሊዝኛው ኤኤም «ጥዋት»፣ ፒኤም ደግሞ «ከሰዓት» ተብሏል። ትርጉሙ ለብቻው ሲታይ ችግር የለውም። ችግሩ ቁጥሩ የፈረንጅ ሆኖ መቅረቱ ነው። ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ኮምፒውተሩን ብታዩት «2:00 ጥዋት» ይላችኋል። ሐዋሳ ውስጥ «ጠዋት ሁለት ሰዓት» የተባለ ሰው ቁርሱን በልቶ ሥራ ገብቷል። ኮምፒውተሩ ግን እኩለ ሌሊት ካለፈ ገና ሁለተኛ ሰዓቱ ነው ማለቱ ነው። ቃሉ የኛ፣ ቁጥሩ የነሱ ሆነና አንድ ላይ ሲነበብ ሐሰት ወጣው። እንዲህ ከሚሆን እንግሊዝኛውን እንዳለ ቢተወው ይሻላል ብዬ አምናለሁ። ቢያንስ ሰው አይሳሳትም።

ይህን ለማምለጥ ብዙ ቤት የሚደረግ አንድ ነገር አለ። የኮምፒውተሩን ሰዓት በእጅ ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ መመለስ። አታድርጉት። ቀድሞ የምሠራበት ቤት እንዲህ ተደርጎ ነበርና ያየሁትን ልንገራችሁ። አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፉን ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ካምፓስ ሆኖ ሴቭ አደረገ። ስድስት ሰዓት ላይ እኛ ጋ መጥቶ አማካሪው የሰጡትን እርማት አስገባ፤ በሌላ ስም ሴቭ አደረገው። የኛ ኮምፒውተር ግን ሰዓቱ ወደ ኋላ ስለተመለሰ ፋይሉን የንጋት አስራ ሁለት ሰዓት ብሎ መዘገበው። በማግስቱ ሌላ ቦታ ፍላሹን ከፍቶ ፋይሎቹን በቀን ደረደራቸው። ከላይ የመጣው የካምፓሱ ነበር። አዲሱ ይህ ነው ብሎ አምስት ኮፒ አስወጣ፣ አስጠረዘ። እርማቱ የሌለበትን።

ኮምፒውተር ውስጥ ያለው ሰዓት የግድግዳ ሰዓት አይደለም። ፋይሎች፣ ኢሜይሎች፣ ለሁለተኛ ማረጋገጫ በአፕ የሚፈጠሩ የሚስጥር ቁጥሮች ሁሉ እሱን አምነው ነው የሚሠሩት። ስለዚህ መንካት ያለብን ሰዓቱን ሳይሆን የሰዓቱን አቀራረብ ነው። ሎኬልም የተፈጠረው ለዚሁ ነው። ከውስጥ ያለው እውነታ ለሁሉም አንድ ይሁን፣ ለሰው የሚታየው ደግሞ በየልማዱ ይሁን ነው ሐሳቡ።

የኛን የሰዓት አቆጣጠር የሚያሳይ ምርጫ ግን ዊንዶውስ ውስጥ የለም። እስከዚያው የምጠቀምባት አንድ ዘዴ አለችኝ። ዊንዶውስ ከዋናው ሰዓት ሌላ ሁለት ተጨማሪ ሰዓቶች ማስቀመጥ ይፈቅዳል። ኢትዮጵያ ከዩቲሲ፣ ማለትም የየአገሩ ሰዓት ከሚለካበት የዓለም መነሻ ሰዓት፣ ሦስት ሰዓት ትቀድማለች። የአርጀንቲና ዋና ከተማ ቦነስ አይረስ ከዩቲሲ ሦስት ሰዓት ወደ ኋላ ትቀራለች። ልዩነቱ ልክ ስድስት ነው። ስለዚህ ተጨማሪ ሰዓት ከፍታችሁ ቦነስ አይረስን ምረጡ፤ ስሙን «የኛ ሰዓት» በሉት። ሐዋሳ ላይ ጠዋት ሁለት ሰዓት ሲሆን እዚያ በፈረንጅ አቆጣጠር ሌሊት 2:00 ነው፤ ቁጥሩ ግጥም ይላል። አጠገቡ ያለውን ኤኤም ወይም ፒኤም አትዩት። አጻጻፉም የአስራ ሁለት ሰዓቱ ይሁን፤ አለዚያ የማታውን አንድ ሰዓት 13 ይለዋል። ደስ የሚለው ደግሞ ቀኑ የሚቀየረው ልክ ንጋት አስራ ሁለት ሰዓት ላይ መሆኑ ነው። ዋናውን የሰዓት ክልል ግን ከኢትዮጵያ አትቀይሩት። አብዛኛው ትንሽ ፍላሽ የሚጠቀመው የፋይል አሠራር የኮምፒውተሩን የአካባቢ ሰዓት እንዳለ ነው የሚጽፈው። ክልሉን ከቀየራችሁ የተማሪው ችግር ተመልሶ ይመጣል።

ወደ ቀን መቁጠሪያው ስንመጣ ደግሞ ነገሩ ያስቆጫል። ምክንያቱም ሥራው ተሠርቶ አልቋል።

ሲኤልዲአርን አንብቦ ስሌቱን የሚሠራ አይሲዩ የሚባል የሶፍትዌር ስብስብ አለ። በነጻ የሚገኝ ነው። አስራ ሦስቱን ወራት ያውቃል፤ ጳጉሜን አምስት የምትሆንበትንና ስድስት የምትሆንበትን ዓመት ይለያል። ዓመተ ምሕረትን ብቻ ሳይሆን ዓመተ ዓለምንም ይቆጥራል። የሰው ኮምፒውተር ላይ ያሉት ክሮምና ፋየርፎክስም ይህን ችሎታ ይዘዋል፤ ፕሮግራመር በአንድ መስመር ትእዛዝ መስከረምን ማስጠራት ይችላል። ዊንዶውስ 10 ራሱ ከእ.ኤ.አ. 2017 ጀምሮ አይሲዩን ይዞ ነው የሚመጣው። ታዲያ የዊንዶውስ 10 ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ከሰዓቱ ጋር የሚታይ ተጨማሪ ቀን መቁጠሪያ ስትፈልጉ የምታገኙት ሁለት የቻይና የጨረቃ አቆጣጠሮችን ነው። የኛ የለም። አባባ የጠየቁኝ ጥያቄ መልሱ ይሄ ነው። ኮምፒውተሩ ጳጉሜን ያውቃል፤ የሚጠይቀው ግን የለም።

በዊንዶውስ ፈንታ የሚጫነው ሊኑክስ የሚባል ሲስተም ላይ በአንድ ወቅት ነበረ። ኬዲኢ 4 የተባለው ዴስክቶፕ (መስኮቶቹንና ሰዓቱን የሚያሳየው ክፍል) የኢትዮጵያን አቆጣጠር ከነኮፕቱ፣ ከነዕብራይስጡ እንደ ምርጫ ያቀርብ ነበር። ቀጣዩ ትውልድ ሲመጣ ያ ክፍል ተተወ፤ የኛውም አብሮ ቀረ። ስለዚህ «አይቻልም» የሚለኝን ሰው አልቀበለውም። ተችሎ ነበር።

ለምን አጥብቄ እይዘዋለሁ? አንዲት ልጅ ኢንዱስትሪ ፓርክ ለመቀጠር ሲቪ አስጻፈችኝ። የልደት ቀኗ ታኅሣሥ 25 ቀን 1992 ነው። ሰልፉ በርትቶ ነበርና ቸኩዬ ሰባት ደመርኩ፤ 1999 ብዬ ጻፍኩ። ትክክለኛው ግን ጃንዋሪ 4 ቀን 2000 ነው። ታኅሣሥ ማለቂያው ላይ የፈረንጆቹ ዓመት ስለሚቀየር ልዩነቱ ሰባት መሆኑ ቀርቶ ስምንት ይሆናል። ልጅቷ ራሷ አይታ «ፓስፖርቴ ላይ እንዲህ አይደለም» ባትለኝ ኖሮ በሁለት ልደት ትንከራተት ነበር። ይህን ስሌት ኮምፒውተር እያለ በጭንቅላት መሥራት አልነበረብኝም።

ፍለጋውም እንዲሁ ነው። «ፀሐይ» የሚለውን ስም በስንት ዓይነት መጻፍ እንደሚቻል ቆጥራችሁ ታውቃላችሁ? መነሻው ጸ ወይም ፀ ነው። መሐሉ ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ ሊሆን ይችላል። አስራ ሁለት ነው። ለጆሮ አንድ ናቸው። ለኮምፒውተሩ አስራ ሁለት የተለያዩ ሰዎች ናቸው። ባለፈው ዓመት ያስጻፈውን ውል የሚፈልግ ደንበኛ ሲመጣ ስሙን ያኔ በየትኛው እንደጻፍኩት ካላስታወስኩ ፋይሉ እያለ የለም።

እንግሊዝኛ ላይ ይህ ችግር የለም። ሰው በትንሹም በትልቁም ፊደል ቢፈልግ ኮምፒውተሩ አንድ አድርጎ ያያቸዋል። ሁለቱን «ለፍለጋ ሲሆን አንድ ናቸው» የሚል ደንብ ስላለ ነው። የኛም ሞክሼ ፊደላት ተመሳሳይ ደንብ ነው የሚያስፈልጋቸው። ፊደሎቹ ይጥፉ አልልም፤ ሲጻፉ ታሪካቸውን ይዘው ይቆዩ። ሲፈለጉ ብቻ ይገናኙ። በእኔ እምነት ከሁሉም ምኞቶች በየቀኑ ብዙ ሰዓት የሚያተርፍልን ይሄኛው ነው።

የፊደል ተራ ነገር በአንጻሩ ብዙ አያስቸግርም፤ ሀ ለ ሐ መ ተከትሎ ይደረድራል። እንዲያውም ሊኑክስ ላይ ለግዕዝ የተዘጋጀ ሎኬል አለ፤ ከሀለሐመ ሌላ ባለው የአበገደ ተራ የሚደረድርም ጭምር። ይህን ያሰበ ሰው እንዳለ ሳውቅ ልቤ ሞቀ።

ሐዋሳ ላይ ሆነን ስናወራ ደግሞ አማርኛ ብቻ አይደለም የሚተየበው። ሲዳምኛ የክልሉ የሥራ ቋንቋ ነው፤ የሚጻፈውም በላቲን ፊደል ነው። ብዙ ጊዜ አንድ ማስታወቂያ ላይ ሁለቱም ጎን ለጎን ይገባሉ። ኮምፒውተሩ ሲዳምኛውን የተሳሳተ እንግሊዝኛ መስሎት ከሥሩ በቀይ ያሰምርበታል፤ አንዳንዴም ቃሉን በራሱ ይቀይረዋል። ሊኑክስ ውስጥ ለሲዳምኛም የራሱ ሎኬል ተዘጋጅቷል። ሌላውም ቦታ እንዲህ ቢሆን የዚህ ከተማ ጸሐፊዎች ትልቅ እፎይታ ያገኛሉ።

ታዲያ ማንን እንጠይቅ? ሲኤልዲአር በዓመት ሁለት ጊዜ ያህል አዲስ እትም ያወጣል። የቋንቋው ተናጋሪዎች በኢንተርኔት ገብተው ቃል የሚያቀርቡበትና ድምፅ የሚሰጡበት መድረክ አለው። የወር ስም ተሳስቶ ካያችሁ፣ «ጥዋት» የሚለው ቃል ያለቦታው ገብቷል ካላችሁ ማረሚያው እዚያ ነው። ለዴስክቶፕ ሠሪዎቹም ስንጽፍ «አማርኛ ይግባልን» ብለን በደፈናው አንተው። ገብቷል ይሉናል። «አይሲዩ ውስጥ ያለውን የኢትዮጵያ አቆጣጠር ከሰዓቱ ጎን አሳዩን» እንበላቸው። ለዚህ መልሱ አዎ ወይም አይ ብቻ ነው።

አባባ መስከረም ላይ ለእድሩ መዋጮ ዝርዝር ተመልሰው መጡ። ማውዙን ሰዓቱ ላይ አድርጌ «የኛ ሰዓት» የሚለውን አሳየኋቸው። ሦስት ሰዓት ከሩብ ይላል። የእጅ ሰዓታቸውን አዩ፣ ስክሪኑን አዩ።

«ልክ ነው» አሉ። ትንሽ ቆዩና፣ «ቀኑስ?»

ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የወረቀት ካላንደር አየሁና መስከረም 9 ብዬ በእጄ ተየብኩላቸው።