«አውትሎው» የሞተር ሳይክል ክለብ ምንድን ነው?

«አውትሎው» ሲባል ብዙዎቻችን «ሕገ ወጥ» ብለን እናልፈዋለን። ወዲያው ወንበዴ ይታየናል። ስሙ አሜሪካ ውስጥ ለሞተረኞች ክለብ ሲወጣ ግን ከፖሊስ ጋር ብዙም አይገናኝም ነበር።

በ1924 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) የአሜሪካ ሞተረኞች ማኅበር ተቋቋመ። ክለብ ይመዘግባል፣ ውድድር ይፈቅዳል፣ ደንብ ያወጣል። እሱ ያልፈቀደው ውድድር፣ እሱ ያልመዘገበው ክለብ «አውትሎው» ተባለ። ከማኅበሩ ደንብ ውጭ ማለት ነው እንጂ ከአገሩ ሕግ ውጭ ማለት አልነበረም።

እኔ ነገሩ የገባኝ በራሳችን ቃል ነው፤ «ሸፈተ» በሚለው። መንገድ ጠብቆ የሚዘርፍ ሽፍታ ነው። ተበድሎ፣ ዳኛ አጥቶ ጫካ የገባም ሽፍታ ነው። ስለዚህ እገሌ ሸፈተ ሲባል «በማን ላይ?» ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። እነዚህ ክለቦች መጀመሪያ የሸፈቱት በማኅበሩ ላይ ነበር።

ከዚያ 1947 መጣ። በአሜሪካ የነጻነት በዓል (በፈረንጆቹ ሐምሌ 4) ሰሞን ሆሊስተር የምትባል ትንሽ የካሊፎርኒያ ከተማ በሺዎች በሚቆጠሩ ሞተረኞች ተጥለቀለቀች። ስካር ነበር፣ መንገድ ላይ መሽቀዳደም ነበር፣ የታሰረም ነበር። ላይፍ መጽሔት ታዲያ ሞተር ላይ የተቀመጠ ሰካራም ፎቶ አወጣ፤ ከሥሩ የቢራ ጠርሙስ ተከምሯል። ጠርሙሶቹ ለፎቶው ሲባል የተሰበሰቡ መሆናቸውን ቦታው ላይ የነበረ ሰው በኋላ መስክሯል። ፎቶው ግን አገር ምድሩን አዳርሶ ነበር።

ማኅበሩ ያኔ «ከሞተረኞች 99 በመቶው ጨዋ ነው» ብሏል ይባላል። ማኅበሩ ራሱ እንዲህ ያለ መግለጫ መዝገቤ ውስጥ የለም ይላል። ማንም ይበለው፣ አንዳንድ ክለቦች የቀረችውን 1 በመቶ የኛ ናት አሉ። «1%» የሚል ባለ አራት ማዕዘን ምልክት ሰደርያቸው ላይ ሰፉ። ሌሎች የሰጧቸው ስም የራሳቸው መለያ ሆነ።

ይህን የምለው ላቆነጃቸው አይደለም። በ1948 ካሊፎርኒያ የተመሠረተው ሄልስ ኤንጅልስና በ1966 ቴክሳስ የተመሠረተው ባንዲዶስ በ1990ዎቹ በስካንዲኔቪያ አገሮች ሮኬት እስከ መተኳኮስ ደርሰዋል። ሰው አልቋል። በ2019 ደግሞ የኔዘርላንድስ ፍርድ ቤት ሄልስ ኤንጅልስን በአገሩ ውስጥ አግዷል። የአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴርም እነዚህን ክለቦች ከአደንዛዥ ዕፅና ከጦር መሣሪያ ንግድ ጋር አያይዞ «አውትሎው» ይላቸዋል። ዛሬ ቃሉ በፖሊስ አፍ ወንጀለኛ፣ በክለቡ አፍ ደግሞ ለማንም የማይገዛ ማለት ነው።

ሁለቱ ትርጉሞች ሲደበላለቁ ምን እንደሚመጣ ዌኮ ላይ ታይቷል። በግንቦት 2015 በዚህች የቴክሳስ ከተማ ባንዲዶስና ኮሳክስ የሚባሉ ክለቦች ምግብ ቤት ደጅ ላይ ተጋጩ። ተኩስ ተከፈተ፣ 9 ሰው ሞተ። ፖሊስ 177 ሰው አፍሶ አሰረ። ከሌሎች ክለቦች የመጡም ነበሩበት። ለእያንዳንዱ 1 ሚሊዮን ዶላር ዋስ ተጠየቀ። ሥራውን ያጣ አለ፣ ትዳሩ የፈረሰበት አለ። የመጨረሻዎቹ ክሶች በ2019 ሲቋረጡ አንድም ሰው አልተፈረደበትም ነበር።