ነርሲንግ ልትጀምሩ ስትሉ የምትሰሟቸው የተሳሳቱ ምክሮችና እውነታው

በአሜሪካ ኮሙኒቲ ኮሌጆች ብዙው የነርሲንግ ፕሮግራም ኦገስት መጨረሻ ላይ ይጀምራል። የመግቢያ ደብዳቤ የደረሳቸው ልጆች ቀደም ብለው በቴሌግራም ይሰባሰቡና ምክር መለዋወጥ ይጀምራሉ። አብዛኛው ምክር ከቅን ልብ የመጣ ነው። ቢሆንም አንዳንዱ ያለ ምክንያት ያስጨንቃል፣ አንዳንዱ ደግሞ ያዘናጋል። ደጋግሜ የምሰማቸውን አንድ በአንድ ላንሳ።

«ትምህርቱ ሳይጀመር መጽሐፉን አንብቤ ልጨርሰው»

አትጨርሱትም። የፋውንዴሽን (የመጀመሪያው የነርሲንግ ኮርስ) መጽሐፍ ብዙውን ጊዜ ከሺህ ገጽ በላይ ነው፤ መምህሩ የቱ ላይ እንደሚያተኩር ሳይታወቅ የተነበበው ደግሞ እስከ መጀመሪያው ፈተና አይዘልቅም። ጊዜ ካላችሁ አናቶሚና ፊዚዮሎጂን ከልሱ፤ በተለይ ልብን፣ ሳንባን፣ ኩላሊትንና የሰውነት ፈሳሽን። ኩላሊት ሲደክም ፖታሲየም ለምን በደም ውስጥ እንደሚከማች፣ ፖታሲየም ሲበዛ ደግሞ የልብ ምት ለምን እንደሚዛባ የገባው ተማሪ፣ የኩላሊት በሽታ ትምህርት ሲመጣ አዲስ አይሆንበትም።

«የክትባቱ ወረቀት በአንድ ሳምንት ያልቃል»

ሐበሻ ተማሪዎችን ከሁሉ በላይ ሲያስጨንቅ የማየው ይህ ነው። ትምህርት ቤቶች የኩፍኝ፣ የጆሮ ደግፍ፣ የቺክንፖክስና የሄፓታይተስ ቢ መከላከያ እንዳላችሁ ማስረጃ ይጠይቃሉ። የልጅነት ክትባት ካርድ ደግሞ አብዛኞቻችን እጅ ላይ የለም። ስለዚህ ደም ሰጥታችሁ ታይተር (መከላከያው በደማችሁ ውስጥ መኖሩን የሚያሳይ ምርመራ) ታስለካላችሁ፤ መከላከያው ከሌለ ክትባቱን ትወስዳላችሁ። የተለመደው የሄፓታይተስ ቢ ክትባት ሦስት ጊዜ የሚሰጥ ሲሆን ስድስት ወር ይፈጃል። በአንድ ወር ልዩነት ሁለት ጊዜ ብቻ የሚሰጥ ዓይነትም ስላለ ሐኪማችሁን ጠይቁ።

የቲቢው ምርመራ ደግሞ ለብቻው መነገር አለበት። ኢትዮጵያ ውስጥ የተወለድን ብዙዎቻችን በጨቅላነታችን ቢሲጂ የሚባለውን የቲቢ መከላከያ ክትባት ወስደናል። ክንድ ላይ የሚወጋው የቆዳ ምርመራ በዚህ ክትባት ምክንያት ሊያብጥና «ፖዘቲቭ» ሊባል ይችላል፤ ያኔ ልጁ ይደነግጣል፣ ቤተሰብም ይሸበራል። ኳንቲፌሮን የሚባለውን የደም ምርመራ ግን ቢሲጂ አያሳስተውም። ትምህርት ቤቱ የሚቀበል ከሆነ ከመጀመሪያው እሱን አስደርጉ። ፖዘቲቭ ሆኖ ቢመጣም የደረት ራጅ ትነሣላችሁ፣ ከሐኪም ጋር ስለ መድኃኒቱ ትነጋገራላችሁ እንጂ ድብቅ ቲቢ (ጀርሙ ሰውነት ውስጥ ተኝቶ ያለ፣ ገና ያላሳመመ) ወደ ሌላ ሰው አይተላለፍም። አንድ ነገር ልጨምር፦ የኩፍኝ ክትባት ከተወሰደ በኋላ የቲቢ ምርመራው ውጤት ለጥቂት ሳምንታት ሊዛባ ይችላል። ሁለቱን በአንድ ቀን አስደርጉ፤ ካልሆነ አራት ሳምንት ጠብቁ።

«አብሮ ማጥናት ማለት ምዕራፍ መከፋፈል ነው»

«አንቺ ምዕራፍ አንድን፣ እኔ ምዕራፍ ሁለትን፣ እሱ ሦስትን፤ ከዚያ ማስታወሻ እንቀያየራለን።» ጊዜ የሚቆጥብ ይመስላል፤ ጉዳቱ የሚታየው ፈተና ላይ ነው። ሁሉም የሚያውቀው የራሱን ምዕራፍ ብቻ ይሆናል። የነርሲንግ ፈተና ደግሞ ሸምድዶ የመጣን ሰው ብዙም አያግዝም፤ አራቱም ምርጫ ትክክል የሚመስልበት ጊዜ ብዙ ነው፣ የሚጠየቀው የቱ ይቀድማል ነው።

ለምሳሌ፦ ዲጎክሲን የሚባለውን የልብ መድኃኒት የሚወስዱ አዛውንት ያስታውካቸዋል፣ ብርሃን ዙሪያ ቢጫ ነገር ይታየኛል ይላሉ፣ ፖታሲየማቸው 2.9 ነው (ዝቅተኛ ነው)፣ የጠዋቱ ክኒን ሰዓት ደርሷል። ነርሷ መጀመሪያ ምን ታድርግ? አንዷ «ሐኪም ትጥራ» ትላለች፣ ሌላው «የማስታወክ መድኃኒት ትስጥ» ይላል፣ ሦስተኛዋ «ክኒኑን አትስጥ» ትላለች። የሦስተኛዋ ይቀድማል፤ ምልክቶቹ የዲጎክሲን መመረዝ ናቸው፣ ፖታሲየም ሲያንስ ደግሞ መመረዙ ይብሳል። ሐኪሙ መጠራቱ አይቀርም፣ ግን መርዙን የምትጨምረው ክኒን መጀመሪያ መቆም አለባት። ቡድን የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው፦ ለምን ያንን እንደመረጣችሁ ጮክ ብላችሁ ስትከራከሩ። ለዚህ ሁሉም ምዕራፉን ለብቻው አንብቦ መምጣት አለበት። ከሦስት እስከ አራት ሰው ይበቃል፤ ስድስት ከሆነ ወደ ጨዋታ ይሄዳል።

ከሐበሻ ልጆች ጋር ብቻ ማጥናትን በተመለከተ የእኔ አቋም ይህ ነው፦ ያልገባችሁን በአማርኛ ተረዱት፣ ምንም ነውር የለውም። ጥያቄውን ግን በእንግሊዝኛ ሥሩ፣ ምክንያቱንም በእንግሊዝኛ ተናገሩ። ተረኛ ስትረካከቡና ለሐኪም ስትደውሉ የምትናገሩት በእሱ ነው። ከሌላ አገር የመጣ ወይም እዚሁ ያደገ ተማሪ ቡድኑ ውስጥ ቢኖር ሁላችሁም ትጠቀማላችሁ።

«ሂሳብ ስለምችል የመድኃኒት ስሌት አያሳስበኝም»

ስሌቱ የሰባተኛ ክፍል ሂሳብ ነው። 750 ሚሊግራም ታዟል፣ ያለው በ5 ሚሊ ሊትር 250 ሚሊግራም ነው፤ መልሱ 15 ሚሊ ሊትር። ሰው የሚወድቀው አጻጻፉ ላይ ነው። ግማሽ ሚሊግራም 0.5 ተብሎ ይጻፋል፤ ዜሮዋ ከተተወች ነጥቧ ሳትታይ 5 ተብሎ ሊነበብ ይችላል። 5 ደግሞ 5.0 አይባልም፤ 50 ሊመስል ይችላል። ብዙ ትምህርት ቤቶች ለዚህ ፈተና 90 በመቶና ከዚያ በላይ ይጠይቃሉ፤ ከፓውንድ ወደ ኪሎ መቀየርን (በ2.2 ማካፈል) ከአሁኑ ልመዱት።

«ሲኤንኤ (የነርስ ረዳት) ሆኜ ስለሠራሁ ይቀለኛል»

ክሊኒካል (የሆስፒታል ልምምድ) ላይ ይቀላችኋል፤ ታካሚ ማገላበጥና ማነጋገር አይከብዳችሁም። ፈተናው ግን ሥራ ቦታችሁ እንዴት እንደሚደረግ አይጠይቅም፤ በመጽሐፉ ነው የሚያርመው። ልምድ የሌለውም አይፍራ።

«ካለፈው ባች ፈተና እናገኛለን»

የፈተና ጥያቄ መቀባበል ከፕሮግራሙ ያስባርራል፤ በላከውም በተቀበለውም ላይ ይደርሳል። የቴሌግራም ግሩፓችሁ ውስጥ ይህ ከተጀመረ ውጡ። የታካሚ ነገርም እዚያ አይጻፍ፤ ስም ባይጠቀስም የክፍል ቁጥርና የሕመሙ ታሪክ ሰውየውን ሊያሳውቅ ይችላል። የታካሚን ምስጢር የሚጠብቀው፣ ሂፓ የሚባለው የ1996 ሕግ ቀልድ አያውቅም።

«ሙሉ ሰዓት እየሠራሁ እማራለሁ»

የሚችል አለ፣ አይቻለሁ። ብዙው ግን ማታ ሠርቶ ጠዋት አንድ ሰዓት ሳይሞላ ክሊኒካል ሲገባ ይዝላል፣ በተዛለ ዓይን ደግሞ መድኃኒት ማዘጋጀት ለታካሚው አደጋ ነው። አለቃችሁን ኦገስት ሳይደርስ አነጋግሩ፤ ቅዳሜና እሁድ ብቻ ወይም ሲፈለግ ብቻ የሚሠራበት ፒአርኤን ይኑር እንደሆነ ጠይቁ። አገር ቤት በየወሩ የምትልኩ ከሆነም ለቤተሰብ አስቀድማችሁ ንገሯቸው፤ ለሁለት ዓመት የሚቀንሰውን በግልጽ አስረዷቸው።