አዲስ አበባ ላይ የጾም ምግብ የት ይበላል፣ እንዴትስ ይታዘዛል

አዲስ አበባ ላይ ሥጋ የማይበላ ሰው "ቬጂቴሪያን ሬስቶራንት የት አለ?" ብሎ ቢጠይቅ ብዙ መልስ አያገኝም፣ "ጥሩ የጾም የት ይገኛል?" ካለ ግን ታክሲ ተራ ላይ የቆመው ሰው ሁሉ ሶስት አራት ቤት ይጠቁመዋል። እኛ ጋ ከሥጋ፣ ከወተትና ከእንቁላል ነጻ የሆነ ምግብ የመጣው ከአጽዋማት ነው፣ ለብቻው እንደተከፈተ የሬስቶራንት ዓይነት አይታይም። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመን ረቡዕና አርብን ይጾማል፣ ከዛ ላይ የዐቢይ ጾም 55 ቀን አለ፣ ከህዳር 15 እስከ ገና የነቢያት ጾም አለ፣ ከነሐሴ 1 ጀምሮ 15 ቀን ፍልሰታ አለ፣ የሐዋርያትና የነነዌም አሉ፣ ሁሉም ሲደመር ለምእመን በዓመት ወደ 180 ቀን ለካህናት ደግሞ ወደ 250 ቀን ይደርሳል። ለምእመን እንኳን የዓመቱ ግማሽ ማለት ነው። ስለዚህ በክትፎ ስሙ የገነነ ቤት እንኳን ረቡዕ ቀን ሽሮና በያይነቱ ይዞ ነው የሚጠብቅህ፣ በዐቢይ ጾም ደግሞ ብዙ ሥጋ ቤቶች ጭራሽ ዘግተው እስከ ፋሲካ አይከፍቱም።

የዚህ ሁሉ መሃል ላይ ያለው በያይነቱ ነው። ትሪው ሲመጣ እስቲ ልብ በሉት፣ እንጀራው ላይ ዙሪያውን ቀይ ምስር፣ ክክ አልጫ፣ ጎመን፣ ጥቅል ጎመን በካሮት፣ ፎሶልያ፣ ድንች በቀይ ስር፣ ሰላጣ፣ አንዳንዴ አዚፋ፣ መሃሉ ላይ ሽሮ። ስፔሻል ካዘዛችሁ ሽሮው በሸክላ ድስት እየተንተከተከ ይመጣና አስተናጋጇ እዛው ፊታችሁ ትገለብጠዋለች፣ ዳር ዳሩ ላይ የያዘውን ደሞ በማንኪያ ፍቃ ትጨምርላችኋለች፣ እሷ የተፋቀችው እኮ ናት የተጋቢኖ ዋናዋ። ጎበዝ ቤት ከሆነ ሱፍ ፍትፍትም ይጨምራል። ሱፉ ተቀቅሎ ተወቅጦ ነጩ ውሃው ተጠልሎ ነው እንጀራው የሚፈተፈትበት፣ ቃሪያና ነጭ ሽንኩርት ገብቶበት ቀዝቀዝ ብሎ ሲቀርብ ወተት አላማረኝም የሚያስብል ነገር ነው። ማህበራዊ ከሚባለው ትሪ ጋር ግን እንዳይምታታባችሁ፣ ማህበራዊ ብዙ ቤት የፍስክ ነው፣ ሥጋም አይብም እንቁላልም ሊኖርበት ይችላል።

ጥሩ የጾም ቤት በምን ይለያል ብትሉኝ የኔ መልስ አንድ ነው፣ ሳምንቱን ሙሉ የጾም የሚሰራ ቤት ምረጡ። ረቡዕና አርብ ብቻ የሚሰራ ቤት ወጡን እንደ ግዴታ ነው የሚያየው፣ ሽንኩርቱ በደንብ ሳይቁላላ በርበሬ ይደፋበታል፣ የጎደለውን ጣዕም ደሞ በዘይት ያሟላዋል። ቁሌት ጊዜ ይፈልጋል፣ ሽንኩርቱ መጀመሪያ ያለ ዘይት በራሱ ውሃ እየተማሰለ መብሰል አለበት፣ ከዛ ነው ዘይቱ ጠብ ጠብ የሚለው፣ እንደዛ የተሰራ ምስር ላይ ዘይት ተንሳፍፎ አታዩም። አልጫው ዳር ላይ ቢጫ ዘይት ተጠራቅሞ እንጀራው ከስር ሲያንጸባርቅ ካያችሁ ግን በቃ ሌላ ቀን ሌላ ቤት ሂዱ። "የጾም ነው ምን ያወፍራል" የሚባለው ነገር እውነት አይደለም፣ ዘይቱ የበዛ በያይነቱ ከጥብስ የማይተናነስ ካሎሪ ሊይዝ ይችላል፣ ከዛም ላይ ብዙ ቤት የሚረጋውን የፓልም ዘይት ነው የሚጠቀመው፣ እሱ ደሞ የሚረጋ ቅባቱ ብዙ ነው። "እህቴ ዘይቱን ቀነስ አድርጉልኝ" ማለት ነውር የለውም፣ ሽሮና ቲማቲም ለብለብ እዛው ስለሚሰሩ ይቀንሱላችኋል፣ ጠዋት ተሰርቶ ያለቀው ምስር ላይ ግን ምንም ማድረግ አይችሉም።

ሁለተኛው ምልክት ሰዓቱ ነው። የጾም በያይነቱ የምሳ ምግብ ነው፣ ከ6 ሰዓት እስከ 8 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው ትኩስ የሚገኘው፣ ማታ 2 ሰዓት ላይ ካዘዛችሁ የቀኑ ትራፊ ሊሆን ስለሚችል ማታ ማታ ተጋቢኖ ወይም እንጉዳይ ጥብስ ወይም ቲማቲም ፍትፍት የመሰለ ትእዛዝ ሲመጣ የሚሰራ ነገር ይሻላል። በዐቢይ ጾም ሲያስቀድሱ ውለው ቆይተው የሚበሉ ብዙ ስለሆኑ ወደ 9 ሰዓት ላይ እንደገና ሞቅ ይላል፣ ያኔም ትኩስ የማግኘት እድል አለ።

አሁን ደግሞ ሰው የሚሳሳትበትን ልናገር። ሽሮ ማለት የጾም ማለት አይደለም! በፍስክ ቀን ብዙ ቤት ሽሮው ላይ ቅቤ ያደርጋል፣ ቦዘና ሽሮ የሚባለው ደሞ ሥጋ አለበት። አንድ ማክሰኞ ከአንዲት ጓደኛዬ ጋር ምሳ ወጥተን፣ እሷ ከእንስሳ የሚገኝ ምንም ነገር አትበላም፣ ሁለት ተጋቢኖ አዘን ሸክላው ሲመጣ ገና ክዳኑ ሳይከፈት የንጥር ቅቤ ሽታ አፍንጫችንን መታው። አስተናጋጁን ስንጠይቀው "ዛሬ እኮ ፍስክ ነው እህቴ፣ የጾም ብትይኝ በዘይት አሰራልሽ ነበር" አለን፣ ልጁ እውነቱን ነው፣ እኛ ነን ያልተናገርነው። ከዛ ቀን ጀምሮ ቁጭ ሳልል ነው የምጠይቀው። ቃሉ "የጾም" ነው፣ "ቬጂቴሪያን ነኝ" ከማለት መቶ እጥፍ ይሰራል፣ ምክንያቱም ወጥ ቤቷ የጾም ስትባል ቅቤ፣ ወተት፣ እንቁላል እንደማይገባ ብቻ ሳይሆን በቅቤ የተነካካ ማንኪያም እንደማይነካው ታውቃለች። አንድ ነገር ብቻ ልብ በሉ፣ አሳ። አሳ በጾም ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር ያለበት ጉዳይ ስለሆነ ብዙ ሬስቶራንት የጾም ሜኑ ውስጥ አሳ ጉላሽና አሳ ዱለት ያስገባል፣ አሳ የማትበሉ ከሆነ እሱን ለይታችሁ ተናገሩ። የህንድ ምግብ ቤቶች ደሞ የዚህ ግልባጭ ናቸው፣ ቬጂቴሪያን የሚለው ዝርዝራቸው ሰፊና የሚጣፍጥ ነው፣ ግን አይብና ቅቤ ይገባበታል፣ ስለዚህ ሥጋ ለማይበላ ይሆናል፣ ለጾመኛ ግን ጠይቆ ነው።

ከሁሉም በላይ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ባለው 50 ቀን ነው። በዛ ጊዜ ረቡዕና አርብም ስለማይጾም የጾም ምግብ ከብዙ ሜኑ ላይ ድንገት ይጠፋል፣ ለእንግዳ ሰው ግራ የሚያጋባ ነገር ነው፣ ባለፈው ሳምንት በያይነቱ የበላበት ቤት በዚህ ሳምንት "የለም፣ አልቋል" ይለዋል።

ቦታ ጥቀስ ካላችሁኝ ከጣይቱ ሆቴል እጀምራለሁ። እቴጌ ጣይቱ ያቋቋሙት፣ የአገሪቱ የመጀመሪያው ሆቴል፣ ፒያሳ ያለው፣ ከመቶ ዓመት በላይ የቆየው ቤት ነው፣ ጥር 2007 ዓ.ም በእሳት ተጎድቶም ነበር። የምሳ የጾም ቡፌው በውጭ አገር ቪጋኖች (ከእንስሳ የሚገኝ ምንም ነገር በማይበሉ ሰዎች) ዘንድ ሳይቀር ለብዙ ዓመት ስሙ የተነሳ ነው፣ ቡፌ መሆኑ ደሞ ጥቅም አለው፣ ጎመኑን አብዝቶ ድንቹን ቀንሶ ማንሳት የራስ ፈንታ ነው፣ ያ የድሮ ሰፊ የእንጨት ወለል ያለው ቤት ውስጥ ቁጭ ብሎ ቀስ ብሎ መብላት ራሱ ምግብ ነው። የባህል ምሽት ያላቸው እንደ ዮድ አቢሲኒያና 2000 ሐበሻ ያሉት ቤቶች እንግዳ ይዞ ለመሄድ ይመቻሉ፣ ጭፈራ አለ፣ የጾምም ይሰራሉ፣ ግን ዋጋቸው ከፍ ያለ ነው፣ እውነቱን ለመናገር ለምግቡ ብቻ ብዬ አልሄድባቸውም። ካተኛ ሬስቶራንት ደሞ ስሙ የምግቡ ነው፣ ካተኛ ማለት በርበሬና ቅቤ ተቀብቶ የደረቀ እንጀራ ነው፣ በዘይት ሲሰራ የጾም ይሆናል። ከነዚህ ሁሉ ይልቅ ግን በየሰፈሩ ያሉት ስም የሌላቸው ሽሮ ቤቶች ናቸው ልቤ የሚሄድባቸው፣ አምስት ስድስት ጠረጴዛ፣ በር ላይ የእጅ መታጠቢያ፣ ሜኑ ግድግዳ ላይ በእጅ የተጻፈ፣ ከሽሮና ከምስር ሌላ ብዙም የላቸውም፣ ያቺን የያዟትን ነገር ግን ማንም አይደርስባቸውም። ከመስሪያ ቤት አካባቢ ያለውን ምረጡ፣ ሰራተኛ በየቀኑ የሚበላበት ቤት ወጥ አያድርበትም።

ካፌዎቹም እየተለወጡ ነው። ድሮ በጾም ካፌ ገብቶ ሻይ በደረቁ መጠጣት ነበር፣ አሁን የጾም ኬክ አለ፣ አይብ የሌለው የጾም ፒዛ አለ፣ የአትክልት በርገር አለ፣ የጾም ፉል ያለ እንቁላልና ያለ እርጎ ይሰራል፣ በአኩሪ አተር ወተት የሚሰራ የጾም ማኪያቶም በአንዳንድ ቤት ይገኛል። የለውዝ ሻይ ደሞ አለ፣ ወፈር ብሎ ትኩስ ሆኖ ሲመጣ ቁርስ ይሆናል። የጾም ፒዛ ላይ ያለኝ አስተያየት ይከፋል፣ ድንችና ካሮት የተነሰነሰበት ዳቦ ሆኖ ነው የሚቀርበው፣ በዛ ዋጋ ሁለት በያይነቱ ይበላል። ጁሱን ግን አልጠግበውም፣ አቮካዶና ማንጎ ተደራርቦ ስፕሪስ ሆኖ ሎሚ ሲጨመቅበት፣ ስኳር ሳይጨመር ብላችሁ እዘዙ እንጂ አለበለዚያ ጣፋጭ ብቻ ነው የሚሆነው።

ጤናውን በተመለከተ የጾም ትሪ በደንብ ከተሰራ በጣም ጥሩ ምግብ ነው። ጤፍ አሰር አለው፣ ብረት አለው፣ ግሉተን (ስንዴና ገብስ ውስጥ ያለው ፕሮቲን) የለውም፣ ምስርና ሽሮ ፕሮቲን ይሰጣሉ፣ እህልና ጥራጥሬ አንድ ላይ ሲበሉ አንዱ የጎደለውን ሌላው ያሟላለታል፣ እርሾውም እህሉ ውስጥ ያለው ብረት ለሰውነት እንዲቀል ያግዛል። ግሉተን የማይስማማው ሰው ግን እንጀራው ንጹህ ጤፍ መሆኑን ሳይጠይቅ እንዳይበላ፣ ገብስ የሚቀላቅል ቤት አለ። ሌላው የማይወደድ ምክር ቡና ነው። ምግብ እንዳበቃ ቡና ወይም ሻይ ማዘዝ ልማዳችን ነው፣ ቡናና ሻይ ግን ብረቱ ወደ ሰውነት እንዳይገባ ይቀንሱታል፣ አንድ ሰዓት ያህል ማቆየት፣ በምትኩ ትሪው ላይ ቲማቲም ወይም ሎሚ ማብዛት ይሻላል፣ በተለይ ለነፍሰ ጡርና የደም ማነስ ላለበት። ዓመቱን ሙሉ ከእንስሳ ምንም የማይነካ ሰው ደሞ ቫይታሚን ቢ12ን ከእጽዋት ስለማያገኘው ሐኪም ማማከር አለበት፣ ጾመኛው በፍስክ ቀን ያካክሰዋል፣ ቪጋኑ ግን አያካክሰውም።

ይሄ የጾም ትሪ ውጭ አገር ሲሄድ ነው እንግዲህ እንደ ሬስቶራንት ዓይነት ራሱን የቻለው። አሜሪካ ውስጥ ያሉ የሐበሻ ቤቶች "ቬጂ ኮምቦ" ይሉታል፣ ሥጋ የሚወደው ፈረንጅ ሳይቀር መጀመሪያ የሚያዘው እሱን ነው፣ ጎመኑ የኛው ሳይሆን ኮላርድ የሚባለው ወፍራም ቅጠል ነው፣ እንጀራውም ብዙ ጊዜ ጤፍ ከሌላ ዱቄት ጋር ተቀላቅሎ ነው። ሎስ አንጀለስ ፌርፋክስ ጎዳና ላይ፣ እ.ኤ.አ 2002 ሊትል ኢትዮጵያ ተብሎ በይፋ የተሰየመው ሰፈር ውስጥ፣ ራሔል ቪጋን የሚባለው ቤት ሥጋ ጭራሽ አያስገባም። ኒውዮርክ ብሩክሊን ውስጥ ቡሽዊክ ሰፈር ያለው "ቡና ካፌ" የሚባለው ቤት ቪጋን ነው፣ እ.ኤ.አ 2020 ክራውን ሃይትስ ላይ የተከፈተው ራስ ፕላንት ቤዝድም እንደዛው። ለንደን ዳልስተን ውስጥ "አንዱ ካፌ" የሚባል ቤት አለ፣ ቴል አቪቭ ላይ ደሞ ቴናት የሚባል ቤት አለ፣ በአይሁድ ሃይማኖት ሕግ ሥጋና ወተት ስለማይቀላቀል ሁለቱም የሌሉበት የኛ ትሪ ለሁሉም ሰው የሚሆን ምግብ ሆኖ አገልግሏል። ሬስቶራንት ይዘጋል፣ ይዛወራል፣ ስለዚህ ደውላችሁ ሂዱ። ስትደውሉ ደሞ ስልጆ አላችሁ ወይ ብላችሁ ጠይቁልኝ፣ የባቄላ ዱቄት በሱፍ ውሃ በስሎ፣ ከሰናፍጭ፣ ከነጭ ሽንኩርትና ከጤና አዳም ጋር ቀናት የሚብላላ ነገር ነው፣ አፍንጫ ይነዝራል፣ አዲስ አበባም ሆነ ውጭ ሬስቶራንት ውስጥ ማግኘት ብርቅ ነው፣ "አለን" የሚል ቤት ካገኛችሁ ወጥ ቤቷ እጇ የተፈታ ናትና ሌላውንም ሳታመነቱ እዘዙ።