ተከላካዩ ለምን ለተጋጣሚው ነጥብ ይሰጣል?

የአውስትራሊያ ፉትቦል ፍጻሜ ሲቃረብ፣ ደጋፊዎች በስልት ሲከራከሩ አዲስ ተመልካችን ግራ የሚያጋባ ነገር አለ፤ ተከላካይ ሆን ብሎ ኳሱን በራሱ የግብ መስመር ያሳልፋል።

በሜዳው በየጫፉ አራት ቋሚዎች ተተክለዋል። አጥቂው የመታው ኳስ ማንም ሳይነካው በሁለቱ ረጃጅሞች መካከል ካለፈ «ግብ» ይባላል፣ 6 ነጥብ ነው፤ በረጅሙና በአጭሩ መካከል ካለፈ 1 ብቻ፣ ስሙም «ቢሃይንድ»። ተከላካዩ ራሱ ካሳለፈው ግን በየትኛውም በኩል ቢሆን ከ1 አይበልጥም። ቁም ነገሩ ቀጥሎ ያለው ነው፦ ጨዋታውን የሚያስጀምረው ቢሃይንድ የተቆጠረበት ቡድን ነው። በ1 ነጥብ ኳስም እፎይታም ገዛ ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2008 ፍጻሜ የሃውቶርን ቡድን ይህን ደጋግሞ አደረገው። ተጋጣሚው ጂሎንግ ካገኛቸው 23 ቢሃይንዶች 11ዱ በዚህ መንገድ የመጡ ናቸው። ውጤቱ ሃውቶርን 18.7 (115)፣ ጂሎንግ 11.23 (89) ሆነ፤ ከነቁጧ በፊት ያለው ግብ፣ ከኋላዋ ያለው ቢሃይንድ፣ በቅንፍ ያለው የነጥብ ድምር ነው። 34 ጊዜ ያስቆጠረው 25 ጊዜ ባስቆጠረው ተሸነፈ!

በ2009 ሕጉ ጠበቀ፤ በእኔ እምነት ተገቢ ነበር። ጫና ሳይደርስበት ሆን ብሎ ያሳለፈ ተከላካይ ግቡ አፍ ላይ ቅጣት ምት ያሰጣል፤ 6 ነጥብ እንደማስረከብ ነው። አጥቂ ተረከዙን እየረገጠ ከተከተለው ግን አይቀጣም። ስለዚህ ተከላካይ ወደ ራሱ ግብ ሲሮጥ ካያችሁ፣ ዓይናችሁ ከኳሱ ይልቅ ከኋላው በሚመጣው አጥቂ ላይ ይሁን።