ጉብታ ሁሉ ቅንጣት አይደለም

ስለ ኳርክ (ፕሮቶን የተሠራበት ቅንጣት) ወሬ በተነሳ ቁጥር ተመልሰው የሚመጡ ስህተቶች አሉ። ቀላል ቀላሎቹን ቶሎ ልገላገል።

«ፕሮቶን የሦስት ኳርኮች ድምር ነው።» በክብደት ከሆነ አይደለም። (መምህሬ ቢሰማ «መጠነ ቁስ በል!» ይለኝ ነበር።) የሦስቱ ኳርኮች የራሳቸው ክብደት ቢደመር ከፕሮቶኑ 1 በመቶ ገደማ ነው።

«ፎቶን ሲመታው በፕሮቶን ውስጥ የተደበቀው ሜሶን ይወጣል።» (ፎቶን የብርሃን ቅንጣት ነው፤ ሜሶን ደግሞ ከኳርክና ከፀረ-ኳርክ የተሠራ ቅንጣት።) የተደበቀ ነገር የለም። ሜሶኑ የሚሠራው ፎቶኑ ይዞት ከመጣው ኢነርጂ ነው። ከቆመ ፕሮቶን ላይ ገለልተኛ ፓዮን (ከሁሉም ቀላሉ ሜሶን) ለመፍጠር ፎቶኑ 145 ሜጋ ኤሌክትሮን ቮልት (የቅንጣት ኢነርጂ መለኪያ ነው) ገደማ ይዞ መምጣት አለበት። ከበድ ላለው ሜሶን፣ ለኤታ፣ 707 ገደማ። ሂሳቡ ካልሞላ ዕቃው አይወጣም።

አሁን ወደምታበሽቀኝ ልምጣ፦ «ግራፉ ላይ ጉብታ ካለ ሬዞናንስ አለ፣ ከሌለ የለም።» ግራፉ ግጭቱ በየኢነርጂው ምን ያህል እንደሚበዛ የሚያሳየው ነው።

ሬዞናንስ ማለት ኢነርጂ ያገኘ ፕሮቶን ለቅጽበት የሚይዘው የተነቃቃ ሁኔታ ነው። ስህተቷ ከየት እንደመጣች ይገባኛል። እ.ኤ.አ. በ1952 ቺካጎ ላይ የፊዚክስ ሊቁ የኤንሪኮ ፌርሚ ቡድን ፓዮኖችን ወደ ፕሮቶን ሲልክ ግጭቱ ሽቅብ ሲወጣ አየ። ዛሬ ዴልታ 1232 የምንለው ነው (ቁጥሩ የሬዞናንሱ ክብደት ነው፣ በሜጋ ኤሌክትሮን ቮልት)። ብቻውን የቆመ፣ ከሩቅ የሚታይ ጉብታ። ሰው ሌሎቹም እንደዚያ ይመስሉታል።

አንድ ተማሪ የፎቶንና የፕሮቶን ግጭት ግራፍ ይዞ፣ ጣቱን ሁለተኛው ጉብታ ላይ አድርጎ «ዶክተር፣ ይኸው 1520» አለኝ። «1535ስ?» ስለው ጣቱን ትንሽ ወደ ቀኝ አንፏቀቀ። ልዩነታቸው 15 ነው፤ የእያንዳንዳቸው ወርድ ግን ከ100 ይበልጣል። ዕድሜያቸው እጅግ አጭር ስለሆነ ኢነርጂያቸው ይዘረጋል። ሁለቱም እዚያችው ጉብታ ውስጥ ተደራርበዋል። «1440ስ?» አልኩት። ጣቱ ቆመ። ያኛው እዚያ ግራፍ ላይ ጉብታም የለው። ግን አለ።

ታዲያ እንዴት ይለያሉ? አንደኛ፣ ሜሶኑን መርጦ። ኤታ ኢሶስፒኑ (ቅንጣቶችን በቤተሰብ የሚመድበው ቁጥር) ዜሮ ስለሆነ የዴልታ ቤተሰብ ወደ ኤታና ፕሮቶን ሊፈርስ አይችልም። ግማሹ ጫጫታ ጠፋ ማለት ነው፤ 1535 ጎልቶ ይወጣል። ሁለተኛ፣ ፎቶኑንና ፕሮቶኑን ፖላራይዝ አድርጎ (ስፒናቸውን በተመረጠ አቅጣጫ አሰልፎ)፣ ከግጭቱ ተስፈንጥሮ የሚወጣውንም ቅንጣት ፖላራይዜሽን ለክቶ። እንዲህ ባለው ሙከራ የሚለኩ 16 መጠኖች አሉ። የግጭቱን ብዛት ብቻ አይቶ የሚፈርድ ሰው ከ16ቱ አንዱን አይቶ ነው የሚፈርደው። እባካችሁ፣ ከግራፉ በፊት ስለ ፖላራይዜሽኑ ጠይቁ።

«ኳርክ ሞዴሉ ከተገኘው በላይ ሬዞናንስ ስለሚተነብይ ወድቋል» የምትለዋም የዚያችው እህት ናት። (ኳርክ ሞዴል ፕሮቶንን ከሦስት ኳርኮች ተነስቶ የሬዞናንሶቹን ዝርዝር የሚያሰላው ነው።) ለረጅም ጊዜ ፍለጋው በአመዛኙ በፓዮን ጨረር ነበር። ከፓዮን ጋር የማይግባባ ሬዞናንስ በዚያ በር አይገባም። አሜሪካ ቨርጂኒያ ያለው ጄፈርሰን ላብ፣ ጀርመን ያሉት ቦንና ማይንዝ በፎቶን የሞከሩትም ለዚህ ነው። 1900 የሚባለው ሬዞናንስ ዛሬ የቆመው በአብዛኛው ካዮንና ላምዳ የሚባሉት ቅንጣቶች በተመረቱባቸው የፎቶን ሙከራዎች ነው።

ሞዴሉን መውቀስ ካማራችሁ በ1440 ውቀሱት። የተለመዱት የኳርክ ሞዴሎች ከ1535 በላይ ያስቀምጡታል፤ ተፈጥሮ ከበታቹ አስቀመጠችው።