ተመላሽ ምንድን ነው?

ድሬዳዋ ላይ አዲስ የሙዚቃ መጽሔት ለመጀመር የተነሳ ሰው እንቅልፍ የሚያጣው ስለ ሽፋኑና ስለ መጀመሪያው ቃለ ምልልስ ነው። መጽሔቱ ሁለተኛ እትም ማየት አለማየቱን የሚወስነው ግን ተመላሽ ነው፤ ማለትም ሻጩ ሳይሸጥለት ቀርቶ፣ ሳይከፍልበት ለአሳታሚው የሚመልሰው ቅጂ።

አሳታሚው መጽሔቱን ለአከፋፋይ፣ አከፋፋዩ ደግሞ ለሱቅና ለአዟሪ በዱቤ ይሰጣል። ሒሳብ ሲተሳሰብ የሚከፈለው የተሸጠው ብቻ ነው። ማተሚያ ቤቱ ገንዘቡን ቀድሞ ስለተቀበለ ኪሳራው የሚያርፈው አሳታሚው ላይ ነው። እንበል 500 ቅጂ እያንዳንዱ በ60 ብር ታተመ፤ ወጪው 30,000 ብር ሆነ። መሸጫው 100 ብር፣ የሻጮች ድርሻ 30 ብር ቢሆን አሳታሚው ከአንድ ቅጂ 70 ብር ያገኛል። 300 ቢሸጥ የሚገባው 21,000 ብር ነው። የ9,000 ብር ጉድለትና 200 ቅጂ ይዞ ይቀራል። የማተሚያውን ወጪ ለመሸፈን ብቻ 429 መሸጥ ነበረበት።

ታዲያ ለምን ጥቂት አይታተምም? በኦፍሴት ሥራ፣ ማለትም ገጹ መጀመሪያ ፕሌት በሚባል ስስ የብረት ሰሌዳ ላይ ወጥቶ በሚታተምበት፣ የፕሌትና የማሽን ዝግጅት ወጪ ለ200 ቅጂም ለ2,000ም ያው ነው። ብዛቱ ሲጨምር የአንዱ ዋጋ ይወርዳል፤ ጀማሪን የሚያታልለውም ይኸው ነው። በርካሽ ታትሞ መጋዘን ያደረ መጽሔት በውድ ታትሞ ካለቀው ይከብዳል። በዲጂታል ማተሚያ ፕሌት ስለማያስፈልግ ለመጀመሪያው እትም እኔ እሱን እመርጣለሁ።

ተመላሽ ሁሉ ደግሞ ያልተነበበ ነው ማለት አይደለም። አዲስ አበባ ውስጥ ጋዜጣ ተከራይቶ አንብቦ መመለስ የቆየ ልማድ ነው። አንባቢ ያገኘ፣ ገንዘብ ግን ያላስገባ ቅጂ ቡና ፈስሶበት ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ ውሉ ላይ ተመላሹ “ንጹሕና ያልታጠፈ” ይሁን የሚል ይጻፍ።

የሙዚቃ መጽሔት ከጋዜጣ የሚሻልበት አንድ ነገር አለ፤ ቶሎ አያረጅም። ስለ ዓሊ ቢራና በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ በድሬዳዋ ስለ ተቋቋመው የአፍረን ቀሎ የሙዚቃ ቡድን የተጻፈ ጽሑፍ ከዓመት በኋላም ይሸጣል፤ የሳምንቱ የኮንሰርት ዜና ግን በወሩ ይሞታል። እንግዲያው ሽፋኑ ላይ የወሩን ስም በትልቁ ከመጻፍ “ቁጥር 1” ማለት ይበጃል። ንጹሑ ተመላሽ ከቁጥር 2 ጋር ተጣምሮ ሊሸጥ ይችላል።

ካሴት የሚሸጡ ሙዚቃ ቤቶች ቢበዙ ኖሮ ሥርጭቱ በተቃለለ። አሁን የሚያዋጣው ከሕትመት በፊት በቴሌብር ቅድሚያ ክፍያ መሰብሰብና በኮንሰርት በር ላይ ራስ ቆሞ መሸጥ ነው፤ በሁለቱም ተመላሽ የለም። ለከዚራ ሰፈር ካፌዎች በዱቤ ጥቂት ቅጂ ብቻ ማስቀመጥ፣ ያለቀበትን መሙላት። ሐረር 50 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ብትርቅም ተመላሹን የማምጣት ወጪ የማን እንደሆነ ቅጂው ከመጫኑ በፊት በጽሑፍ ይስፈር።